አውራው ሲጠራ፦ ሁለተኛውን የድራጎን ፊልም ከቤተሰብ ጋር ማየት

ተረት የሰማ ልጅ የሚያነሣት ጥያቄ አንዲት ናት፦ «ከዚያስ?» ተራኪዋ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ብትዘጋውም ልጁ አይለቃትም። ጅቡ ገደል ከገባ በኋላ ምን ሆነ? ልጅቷ ከተዳረች በኋላ እናቷን አየቻት ወይ? የቤተሰብ አኒሜሽን ፊልም ሁለተኛ ክፍል የሚኖረው በዚህች ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ ግን አይመልሷትም፤ የትናንቱን ወጥ ውሃ ጨምረው ያሞቁና ያቀርባሉ። ጭራቁ በእጥፍ ያድጋል፣ ፍንዳታው ይበዛል፣ ጀግናው ግን ከነበረበት ዕድሜና ጠባይ ንቅንቅ አይልም።

«ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን 2» ጥያቄዋን የመለሰ ፊልም ነው። ድሪምወርክስ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ ዲን ዴብሎይስ ጽፎ ያዘጋጀው፣ 102 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ2010 ነበር። በታሪኩ ውስጥ ደግሞ አምስት ዓመት አልፏል፤ ያኔ 15 ዓመቱ የነበረው ሂካፕ አሁን 20 ሞልቶታል። ቁመቱ ተመዟል፣ ፊቱ ረዝሟል። አባቱ ስቶይክ የመንደራቸውን የበርክን አለቅነት ሊያወርሰው ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከሸክሙ እየሸሸ በድራጎኑ ጀርባ አገር ያስሳል፣ ካርታ ይሥላል። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ሲያይ በረራው ይበቃዋል። አሥራ ስድስት የሞላት እኅቱ «ሳይጠይቁኝ ወሰኑልኝ» የሚለውን ስሜት ታውቀዋለች። እናትና አባት የሚይዛቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ስቶይክ ሞታለች ብሎ 20 ዓመት የኖረላትን ሚስቱን የሚያገኝበት ሰዓት። በዚህ ፊልም ውስጥ የቤቱ ሰው ሁሉ የየራሱ መደብ አለው።

ያን የመገናኛ ሰዓት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ቫልካ ባሏን ስታየው ትደነግጣለች። ሳይጠይቃት ምክንያት መደርደር ትጀምራለች፤ ለምን እንዳልተመለሰች፣ ለምን ከድራጎኖቹ ጋር እንደቀረች። ተቆጣኝ፣ ጩኽብኝ፣ ብቻ አንድ ነገር በል ትለዋለች። እሱ ግን ቃል አይተነፍስም። ቀስ ብሎ ይጠጋታል፤ እጁ ጉንጯ ላይ ያርፋል። ያጣት ዕለት እንደነበረችው ዛሬም ቆንጆ መሆኗን የሚነግራት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዝምታ የተሸከመው ፊት ነው። ስቱዲዮው «ፕሪሞ» የተባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመው በዚህ ፊልም ነበር። ከዚያ በፊት ባለሙያው አንድ ቅንድብ ለማንሣት በሠንጠረዥ ላይ ቁጥር ይሞላ ነበር፤ በፕሪሞ ግን በብዕር ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት ራሱን ነክቶ ይስበዋል፣ ለውጡንም እዚያው ያየዋል። ንግግር በሌለበት ቦታ የስቶይክ ፊት የሚናገረው ለዚህ ነው። ለልጆች እየተረጎመ የሚያሳይ ሰው እዚህ ላይ አፉን ይያዝ። ትርጉም የሚያስፈልገው ስቶይክ መናገር ሲጀምር ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሳያዩ ሁለተኛውን መክፈት አያዋጣም። ሁለተኛው የቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው። ሂካፕ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። ቱዝለስ የተባለው ጥቁሩ ድራጎን ደግሞ የጅራቱ አንድ ጎን ክንፍ ተቆርጦበት የሚበርረው ሂካፕ በሠራለት ሰው ሠራሽ ክንፍ ነው፤ ሂካፕ እርካቡን ሲረግጥ ያ ክንፍ ይከፈታል፣ ሲለቅ ይታጠፋል። ፈረስ የሚያውቅ የወሎ ልጅ ይህን በአንድ ቃል ይረዳዋል። ሦስተኛው፣ የበርክ ሰዎች ድራጎን ሲገድሉ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ከድራጎን ጋር ይኖራሉ። ይህን የማያውቅ ልጅ ሁለተኛው ፊልም ሲጀመር በግ እየነጠቁ በድራጎን የሚሽቀዳደሙትን ሰዎች ያያል እንጂ ሰላሙ በምን ዋጋ እንደመጣ አይገባውም።

ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ቀን ማሳየት የተለመደ ስህተት ነው። 98 እና 102 ደቂቃ ሲደመር 200 ደቂቃ ነው፤ ልጁ የሚደክመው በትክክል የሁለተኛው ከባድ ክፍል ላይ ሲደርስ ነው። በመካከላቸው የአንድ ሳምንት ዕረፍት ይበቃል። በሳምንቱ ውስጥ ልጆቹ በቡና ሰዓት የመጀመሪያውን ታሪክ በየተራ ለአያታቸው ይተርኩ። ከሦስቱ ነገሮች የዘለሉት ካለ ሁለተኛው ከመጀመሩ በፊት አስታውሷቸው።

«ድራጎን» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ ነው። ዘንዶ ስንል ልጁ የሚያስበው በሆዱ የሚሳብ፣ ፍየል የሚውጥ እባብ ነው። በአፈ ታሪኩ ሲገበርለት የነበረው አርዌም እባብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከሆነ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋውን ደራጎን ያውቃል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ባለበት አገር ያደገ ልጅ ያንን ሥዕል ፊደል ሳይቆጥር ነው የሚለየው። ስለዚህ ሰው የሚወድ ድራጎን ሲያይ «ይሄ ክፉ አይደለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የብልህ ልጅ ጥያቄ ነው፤ ሳቅ አይገባውም። ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ የሥዕሉ ደራጎን የሥዕሉ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ለዚህ ተረት የተፈለሰፉ፣ ክንፍ ያላቸው አውሬዎች ናቸው። ከዚያ በፊልሙ በሙሉ «ድራጎን» እያሉ መቀጠል ነው። አንዴ ዘንዶ፣ አንዴ ድራጎን ማለት ልጁን ያምታታዋል። ቱዝለስንም በስሙ ጥሩት፤ ትርጉሙ ጥርስ የለሽ እንደሆነና ስሙ የወጣለት ጥርሱን ወደ ድዱ ስለሚሸሽግ እንደሆነ አንድ ጊዜ መንገር ይበቃል።

በፊልሙ ሁሉም ድራጎን የሚታዘዝለት፣ በረዶ የሚተፋ ግዙፍ ድራጎን አለ። እንግሊዝኛው «አልፋ» ይለዋል። ይህን «መሪ» ወይም «ንጉሥ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ግን አማርኛ የተሻለ ቃል አለው፦ አውራ። አውራ ንብ ከቀፎ ስትወጣ መንጋው ሁሉ ሳይጠይቅ እንደሚከተላት የላስታን ማር የቀመሰ ቤት ያውቃል። የፊልሙ አውራም እንዲሁ ነው፤ ከጠራ፣ የተጠራው ድራጎን ፈቃዱ የራሱ አይደለም። ድራጎ የተባለው ክፉ ሰው የራሱን አውራ ይዞ ሲመጣ አደጋው ይህ ነው፤ አውራውን የያዘ መንጋውን ያዘ። «አውራ» የሚለው ቃል ቀድሞ ከገባ የኋለኛው ክፍል ግማሽ ማብራሪያ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ስቶይክ ይሞታል። የሚገድለውም ቱዝለስ ነው። የድራጎ አውራ ቱዝለስን ይጠራዋል፣ አእምሮውን ይይዘዋል፣ ቱዝለስ ሂካፕ ላይ እሳት ሊተፋ ሲል አባትየው ልጁን ገፍቶ ራሱን በመካከል ያስገባል። ብዙ ልጆች የሚያለቅሱት ለስቶይክ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ከዚያ ወዲያ ቱዝለስን ማየት አይፈልጉም፣ ያ ሲሆን የፊልሙ መጨረሻ ባዶ ይሆንባቸዋል። ይህ የሚመጣው ልጁ ምልክቱ ሲያመልጠው ነው። ምልክቱ ዓይን ነው። ቱዝለስ ፍቅር ላይ ሲሆን የዓይኑ ጥቁር ክብ ሆኖ ይሰፋል፤ ሲያጠቃ ወይም አውራው ሲይዘው እንደ ክር ይቀጥናል። ድመት በቀን ብርሃን ዓይኗ የሚቀጥነውን፣ ማታ የሚሰፋውን ልጆች በቤታቸው አይተውታል። የመጀመሪያውን ክፍል ስታሳዩ ደጋግማችሁ «ዓይኑን እዩት» በሏቸው። በሁለተኛው፣ አውራው ሲጠራው ክሩን ራሳቸው ያዩታል፤ «እሱ አይደለም፣ ተይዞ ነው» የሚሉትም ራሳቸው ይሆናሉ። ከአዋቂ ማብራሪያ ይልቅ ልጁ ራሱ ያየው ነገር ያጽናናዋል።

ቀብሩም ዝግጅት ይፈልጋል። ስቶይክን በጀልባ አስተኝተው ወደ ባሕር ይገፉታል፣ ከዚያ እሳት የተለኮሰበት ቀስት ወርውረው ያቃጥሉታል። ቅሬ (እድር) ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው በአፈር ሲቀበር ላየ ልጅ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ከሞቱ ይልቅ ማቃጠሉ ሊያስደነግጠው ይችላል። «የእነዚህ ሰዎች አቀባበር እንዲህ ነው፤ ለትልቅ ሰው የሚሰጡት ክብር ነው» የሚለውን ጀልባው ከመገፋቱ በፊት መናገር ያስፈልጋል፤ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ቢነገር አይሰማም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ሲያልፍ፣ በገጠሩም ሲያልፍ፣ አባት ያጡ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ በቤት ካለ፣ ወይም ከጎረቤት ከመጣ፣ አዋቂው ፊልሙን አስቀድሞ ብቻውን ይየው። ለልጁም አባትየው እንደሚሞት በግልጽ ይነገረው፣ ማየት አለማየቱን እሱ ይምረጥ። ታሪኩ አስቀድሞ ስለታወቀ አይበላሽም፤ ተረትን መቶ ጊዜ የሚያስደግም ልጅ ይህን ያውቃል። ዕድሜን በሚመለከት፣ የመጀመሪያው ለስድስት ዓመት ልጅ ቢሆንም ሁለተኛው ከስምንት በታች ላለ ይከብዳል እላለሁ።

ፊልሙን ለሁለት ቀን መክፈል ግድ ከሆነ የሚከፈልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፦ ስቶይክና ቫልካ የድሮ ዘፈናቸውን ዘፍነው ሲጨፍሩ። ከአጋማሹ አለፍ ብሎ ነው፣ ሦስቱም በአንድ ቤት ይገኛሉ፣ ልጁ በደስታ ይተኛል። ከዚያ ወዲያ ግን እስከ መጨረሻው ማቋረጥ የለም። ከሞቱ በኋላ አቁሞ ልጅን ማስተኛት ክፉ ነው፤ ቱዝለስ ወደ ራሱ የሚመለስበትን ሳያይ ሌሊቱን ከክሩ ዓይን ጋር ያድራል።

ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ ቤት ውስጥ አንድ ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሃይስኩል ተማሪ የሆነው ልጅ ነው። ቦታው ከስክሪኑ አጠገብ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ከተረጎመ ልጆቹ ወደሱ ይዞራሉ። ቃል በቃል አይተርጉም። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ባለችው ክፍተት ፍሬ ነገሩን ጣል ማድረግ ነው። በበረራው ላይ ምንም አይበል። የሂካፕ መንትያ ጓደኞች የሚወራወሩትን ቀልድ ይተወው፤ ድርጊታቸው ያስቃል።

ከባዱ የአማርኛ ጥያቄ «ዩ» የሚለው ነው። እንግሊዝኛው አንተን፣ አንቺን፣ አንቱን አይለይም። ቫልካ በመጀመሪያ የምትመጣው ፊቷን በጭምብል ሸፍና ነው፤ ሂካፕ ወንድ ትሁን ሴት አያውቅም። ተርጓሚው ገና ከመጀመሪያው «ማነሽ?» ካለ ምሥጢሩን አፈሰሰው። «ማነህ?» ይበል፤ ጭምብሉ ሲወርድ ወደ «አንቱ»፣ እናቱ መሆኗ ሲታወቅ ወደ «እማ» ይሸጋገር። በሦስት ቃል የሚሆነው ይህ ሽግግር እንግሊዝኛው ራሱ የሌለው ውበት ነው። የበርክ ሰዎች ስቶይክን «አንቱ» ቢሉት አለቅነቱ ይታያል፤ ሂካፕ ግን «አባ፣ አንተ» ይበለው፣ አለበለዚያ ጭቅጭቃቸው የአባትና የልጅ መሆኑ ይጠፋል። ሂካፕ የተቆጣን ድራጎን እጁን ዘርግቶ ሲያረጋጋ ደግሞ ከወሎ የተሻለ ቃል ያለው አገር የለም፦ «አብሽር።» ቱዝለስን ከአውራው እጅ ሊያስመልሰው በለሆሳስ ሲያናግረው ይህችኑ ቃል መድገም ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ከተባለች፣ እዚህ ስትደርስ ልጆቹ አብረው ይሏታል።

ሙዚቃውን የሠራው በሁለቱም ክፍሎች ጆን ፓወል ነው፤ የመጀመሪያው የበረራ ዜማ በሁለተኛውም ተመልሶ ይመጣል። ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ስም የሰጠ አገር ጆሮ ለዚህ ሩቅ አይደለም፤ ማሲንቆ ገና ሲጀመር ትዝታ ነው ባቲ ነው ብሎ እንደሚለይ ሰው፣ ልጆቹም ዜማዋ ስትነሣ ሊበርሩ መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለች ትንሽ ስፒከር ወጥቶ ግድግዳ ላይ እንዳይቀር፣ ካለ ውጫዊ ስፒከር ይሰካ።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ አብዛኛው ጣጣ ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹ በፋት 32 የተፎረመተ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። ፎርማቱን ወደ ኤክስፋት መቀየር ችግሩን ቢፈታም የቆዩ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች ያን አያነቡም። ለቤት ቴሌቪዥን ከ4 ጊጋባይት በታች የሆነ የኤም ፒ ፎር ፋይል በፋት 32 ፍላሽ መያዝ ይሻላል። ሥዕል እያለ ድምፅ ከሌለ ፋይሉ ዲ ቲ ኤስ ድምፅ የያዘ ይሆናል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች አያወጡትም፣ ኤ ኤ ሲ ድምፅ ያለው ይፈለግ። ድምፅ እያለ ሥዕል ከጠቆረ ቪዲዮው የተጨመቀበት ኤች 265 ለቴሌቪዥኑ አዲስ ሆኖበታል፤ ኤች 264 ያስኬዳል። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር መታየቱ ጤና ነው፤ ፊልሙ ሰፊ ሆኖ ስለተሠራ ነው። «ዙም» ብለው ከሞሉት ከጎንና ከጎን የሚበርሩት ይቆረጣሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ ከታች የሚያስገባ ሰው ካለ፣ የጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፣ ሲቀመጥም በዩ ቲ ኤፍ 8 ይሁን። ያም ሆኖ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ከሌለው በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል፤ የፋይሉ ጥፋት አይደለም። ያኔ ላፕቶፕ በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ አገናኝቶ ቪ ኤል ሲ በተባለው ማጫወቻ መክፈትና ከጽሑፍ ማስተካከያው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኒያላን፣ መምረጥ ነው። ድምፁ ላፕቶፑ ላይ ከቀረ የድምፅ መውጫውን ወደ ቴሌቪዥኑ መቀየር ይረሳል፤ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ላፕቶፑ ሌላም ጥቅም አለው፦ መብራት ቢጠፋ ባትሪው ቀሪውን ይጨርሳል። መብራት ሲመለስ ቴሌቪዥኑን ወዲያው አትሰኩ፤ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ስታቢላይዘር ካለ በሱ በኩል ይሁን።

ሰዓትን በሚመለከት ክረምትና በጋ አንድ አይደሉም። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ሲመታው የስቶይክ ድምፅም የተርጓሚውም አይሰማም፤ ድምፅ መጨመር ጩኸት ላይ ጩኸት ነው። በክረምት ጠዋት 3 ሰዓት ተጀምሮ 5 ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ አለበት። በበጋ ከዐስር ሶላት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቢጀመር ከመግሪብ በፊት ያልቃል። ቡናው እስከ በረካ ድረስ ቀድሞ ይጠጣ፤ መጋረጃ በተዘጋ ክፍል፣ ልጅ በሚዘልበት፣ የፈላ ጀበና ማዞር አይገባም። ለመቆርጠም የገብስ ቆሎ ጾመኛውንም ፍስከኛውንም ያስማማል፤ ፈንዲሻም ቅቤ ካልነካው እንደዚያው።

ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። እሱን ግን ከሁለተኛው ጋር በአንድ ፍላሽ፣ በአንድ ፎልደር አታስቀምጡት። ብዙ ቴሌቪዥኖች አንዱ ፋይል ሲያልቅ ሳይጠየቁ ቀጣዩን ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ልጆቹ «ከዚያስ?» ብለው ሊከራከሩ አፋቸውን ገና መክፈታቸው ነው።